“ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ” ለመባል በሳምንት ስንት ሰዓት መሥራት ያስፈልጋል?

በአዲስ አበባ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የምትሠራ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ በሐዋሳ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የተቀጠረች ወጣት እና በናይሮቢ የጽዳት ሠራተኛ የሆነ ጎልማሳ አሉ እንበል። ሦስቱም “ሥራሽ ምን ዓይነት ነው? ሥራህስ?” ተብለው ቢጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ “ሙሉ ጊዜ”።

በሕግ የተቀመጠላቸው የሳምንት ሰዓት ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያዋ እስከ 39፣ ሁለተኛዋ እስከ 48፣ ሦስተኛው ደግሞ እስከ 52 ሰዓት። በመጀመሪያዋና በሦስተኛው መካከል ያለው የ13 ሰዓት ልዩነት በዓመት ሲሰላ 676 ሰዓት ይሆናል። ይህም ከ84 የስምንት ሰዓት የሥራ ቀናት ይበልጣል።

“ሙሉ ጊዜ” የሚለው ቃል በሥራ ማስታወቂያዎችና በቅጥር ደብዳቤዎች ላይ በብዛት ይገኛል። በምሥራቅ አፍሪካ የሥራ ሕጎች ውስጥ ግን ቃሉን በቁርጥ ሰዓት የሚተረጉም አንቀጽ ማግኘት አዳጋች ነው። ሕጎቹ የሚያስቀምጡት ከፍተኛውን ጣሪያ ነው። ከጣሪያው በታች ስንት ሰዓት “ሙሉ” እንደሚባል የሚወስነው የሥራ ውሉ፣ የኅብረት ስምምነቱ ወይም የድርጅቱ የሥራ ደንብ ነው።

ይህ ልዩነት በሠራተኛው ኪስ ላይ ውጤት አለው። የአንድ ሰዓት ዋጋ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እና የዕረፍት መብት የሚሰሉት ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ነው።

የ48 ሰዓት መነሻ

ሠራተኞች በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ የጠየቁት ከ100 ዓመት በፊት ጀምሮ ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ 23 ቀን የሚከበረው ዓለም አቀፍ የሠራተኞች ቀን፣ እ.አ.አ. በ1886 በአሜሪካ ቺካጎ ሠራተኞች የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን እንዲከበርላቸው ካደረጉት የሥራ ማቆም አድማ ጋር የተያያዘ ነው።

ጥያቄው ዓለም አቀፍ ሕጋዊ ቅርፅ ያገኘው እ.አ.አ. በ1919 ነበር። አዲስ የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት (አይኤልኦ) በዋሽንግተን ባካሄደው ጉባኤ ያጸደቀው የመጀመሪያው ስምምነት በኢንዱስትሪ ውስጥ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ስምንት ሰዓት በስድስት የሥራ ቀናት ሲባዛ 48 ይሆናል።

ድርጅቱ እ.አ.አ. በ1935 የ40 ሰዓት ሳምንትን የሚደግፍ ሌላ ስምምነት አጽድቋል። በብዙ የዓለም ክፍሎች የሥራ ሰዓት ሕግ እስከዛሬ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ይዋልላል።

ለአገራት ግልጽ ፍቺ በመስጠት ረገድ የሚጠቀሰው እ.አ.አ. የ1994ቱ የከፊል ጊዜ ሥራ ስምምነት ነው። ይህም ቢሆን ቁጥር አያስቀምጥም። በተለምዶ “ፓርት ታይም” የሚባለውን ሠራተኛ፣ ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠራ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያነሰ መደበኛ ሰዓት ያለው በማለት ይገልጸዋል። በዚህ አተረጓጎም ሙሉ ጊዜ የሚለካው በንጽጽር ነው። በአንድ ድርጅት 40 ሰዓት ሙሉ ጊዜ ቢሆን፣ በሌላው 45 ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት እና በየጊዜው ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ዝርዝሩ ግን ሠራተኛው በማን እንደተቀጠረ ይለያያል።

በግል ድርጅቶችና በመንግሥት የልማት ድርጅቶች ለሚሠሩት የሚያገለግለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ወይም በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት ለሆኑ ወጣት ሠራተኞች የቀኑ ጣሪያ 7 ሰዓት ነው።

አዋጁ “የሥራ ሰዓት” የሚለውን የሚተረጉምበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባል። ሠራተኛው በተግባር ሥራ የሚሠራበት ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም የሥራ ሰዓት ነው። በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ጥበቃ ወይም ጥሬ ዕቃ እስኪደርስ ከማሽኗ አጠገብ የምትጠብቅ ሠራተኛ በሥራ ላይ ናቸው።

ሰዓቶቹ በሳምንቱ የሥራ ቀናት እኩል መከፋፈል ይኖርባቸዋል። ሆኖም አንዱን ቀን አሳጥሮ ልዩነቱን በሌሎቹ ላይ ማከፋፈል ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ በየቀኑ የሚጨመረው ከሁለት ሰዓት መብለጥ የለበትም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠሩ ድርጅቶች በሌሎቹ ቀናት ረዘም ያለ ሰዓት ሊያሠሩ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም እያንዳንዱ ሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ሊያገኝ ይገባል።

የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መደበኛ የሥራ ሰዓታቸው በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። ቁጥሩ እንግዳ ቢመስልም ስሌቱ ቀላል ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 6:30 እና ከቀኑ 7:30 እስከ 11:30 በየቀኑ ስምንት ሰዓት ይሆናል፤ በአራት ቀን 32። ዓርብ ሠራተኛው 5:30 ላይ ወጥቶ 7:30 ስለሚመለስ የዕለቱ ሥራ ሰባት ሰዓት ነው። ድምሩ 39 ይመጣል።

ቋሚ እና ሙሉ ጊዜ አንድ ናቸው?

በዕለት ተዕለት ንግግር “ቋሚ ሠራተኛ” እና “ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ” የሚሉት አገላለጾች እየተቀያየሩ ይሠራባቸዋል። የሚለኩት ነገር ግን የተለያየ ነው።

ቋሚነት የሚመለከተው ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ መሆን አለመሆኑን ነው። ሙሉ ጊዜነት የሚመለከተው የሳምንቱን ሰዓት ነው። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ እየሠራች ውሏ ላልተወሰነ ጊዜ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ አንድ የግንባታ ሠራተኛ በሳምንት 48 ሰዓት እየሠራ ውሉ ሕንፃው ሲጠናቀቅ የሚያበቃ ሊሆን ይችላል።

በአማርኛ ሌላም የሚያምታታ ነገር አለ። “የትርፍ ጊዜ ሥራ” ሲባል አንዳንዶች ፓርት ታይምን፣ ሌሎች ደግሞ ከመደበኛው ሰዓት በላይ የሚሠራውን ይረዳሉ። ሕጉ ለኋለኛው የሚጠቀመው ቃል “የትርፍ ሰዓት ሥራ” የሚለውን ነው። ውል የሚፈርም ሰው የትኛው እንደተጻፈ ማጣራቱ ይጠቅመዋል።

በብር ሲሰላ

የሰዓቱ ቁጥር ለምን እንደሚያስፈልግ በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሠራተኛ በወር 6,240 ብር ይከፈለዋል እንበል።

ውሉ በሳምንት 48 ሰዓት የሚል ከሆነ፣ 48 በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይሆናል። የአንዱ ሰዓት ዋጋም 30 ብር ነው። ውሉ 39 ሰዓት የሚል ቢሆን ኖሮ ወርሃዊው ሰዓት 169፣ የአንዱ ሰዓት ዋጋ ደግሞ 36 ብር ከ92 ሳንቲም ገደማ ይሆን ነበር። ደመወዙ አንድ ሆኖ ሳለ የጉልበቱ ዋጋ ይለያያል።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚሰላው በዚህ የሰዓት ዋጋ ላይ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራው በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን የሚሠራው በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን የሚሠራው ደግሞ በ2.5 ይባዛል።

በምሳሌያችን የሰዓት ዋጋው 30 ብር የሆነው ሠራተኛ ለአንድ የቀን ትርፍ ሰዓት 45 ብር፣ ለሌሊት 52 ብር ከ50፣ ለዕረፍት ቀን 60፣ ለበዓል ደግሞ 75 ብር ሊከፈለው ይገባል ማለት ነው።

ትርፍ ሰዓት ገደብ አለው። ሕጉ የሚፈቅደው እንደ አደጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ፣ አስቸኳይ ሥራ ወይም የቀረ ሠራተኛን መተካት በመሳሰሉ ምክንያቶች ሲሆን፣ በቀን ከ4 በሳምንት ደግሞ ከ12 ሰዓት መብለጥ አይችልም። ከዚህም በላይ ትርፍ ሰዓት የሚባለው አሠሪው በግልጽ ሲያዝ ነው። ማንም ሳያዘው አምሽቶ የሠራ ሰው፣ በኋላ ክፍያውን ሲጠይቅ ትዕዛዝ እንደነበረ ማሳየት ሊከብደው ይችላል።

ውሉ የሳምንቱን ሰዓት ካልጠቀሰ ችግሩ ይጎላል። “ሙሉ ጊዜ” የሚል ቃል ብቻ የያዘ የቅጥር ደብዳቤ፣ መደበኛው ሰዓት የት ላይ አልቆ ትርፍ ሰዓቱ የት እንደሚጀምር አይናገርም። በሳምንት 40 ሰዓት እንደሚሠራ በቃል ተነግሮት የገባ ሠራተኛ፣ ቀስ በቀስ 48 ሰዓት ሲሠራ ራሱን ሊያገኘው ይችላል። ስምንቱ ሰዓት በሕጉ ጣሪያ ውስጥ በመሆኑም፣ የተስማሙበትን የሚያሳይ ጽሑፍ ከሌለው የትርፍ ሰዓት ጥያቄው መሠረት ያጣል።

በጎረቤት አገራት

በኬንያ የሥራ ሕጉ የሰዓት ቁጥር ከማስቀመጥ ይልቅ በየሳምንቱ አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ያስገድዳል። ቁጥሩ የሚገኘው በደመወዝ ደንቦች ውስጥ ነው። አጠቃላዩ የደመወዝ ደንብ መደበኛውን ሳምንት በስድስት ቀን እስከ 52 ሰዓት፣ ለሌሊት ሠራተኞች ደግሞ እስከ 60 ሰዓት ያደርሰዋል። ትርፍ ሰዓት ተጨምሮ በሁለት ተከታታይ ሳምንታት ከ116 ሰዓት፣ ለሌሊት ሠራተኞች ከ144 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ብዙ ቢሮዎች ግን በውል ከ40 እስከ 45 ሰዓት ያሠራሉ።

በኡጋንዳ እ.አ.አ. የ2006ቱ የቅጥር ሕግ ጣሪያውን 48 ሰዓት አድርጎ፣ ሥራው በቀን ከ10 በሳምንት ከ56 ሰዓት እንዳያልፍ ይከለክላል። በሱዳንም የ1997ቱ ሕግ ቁጥር 48 ነው።

በታንዛኒያ ዋና ምድር እ.አ.አ. የ2004ቱ ሕግ በቀን 9፣ በሳምንት 45 ሰዓትን ጣሪያ ያደርጋል። ትርፍ ሰዓት በአራት ሳምንት ውስጥ ከ50 ሰዓት መብለጥ አይችልም።

ሩዋንዳ በቅርቡ ለውጥ ያደረገች አገር ናት። የ2018ቱ የሥራ ሕጓ 45 ሰዓትን ያስቀመጠ ሲሆን፣ መንግሥት እ.አ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ሳምንቱን ወደ 40 ሰዓት አውርዶታል። የሥራ መግቢያውም ወደ 3 ሰዓት ተገፍቷል። የተሰጠው ምክንያት የሠራተኞችን ደኅንነት ማሻሻልና ወላጆች ለልጆቻቸው ጊዜ እንዲኖራቸው ማድረግ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች የሚያገለግሉት ውል ላላቸው ሠራተኞች ነው። በቀጣናው በርካታ ሰዎች የሚተዳደሩት በጉሊት ንግድ፣ በቀን ሥራ ወይም በራሳቸው አነስተኛ ሥራ በመሆኑ፣ የሥራ ቀናቸው መቼ እንደሚያልቅ የሚነግራቸው ሕግ የለም።

የቤት ሠራተኞች ጉዳይ

በሕጉና በኑሮው መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ የሚታየው በቤት ሠራተኞች ላይ ነው። የኢትዮጵያ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በግለሰብ ቤት የሚሰጥ የግል አገልግሎት ቅጥርን በቀጥታ አይሸፍንም፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሥራ ሁኔታውን በደንብ እንዲወስን ይተወዋል። ስለዚህ በአሠሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛ፣ ከንጋት እስከ ምሽት ብትሠራም የ48 ሰዓቱን አንቀጽ ጠቅሳ መከራከር አትችልም። በኬንያ በአንጻሩ አጠቃላዩ የደመወዝ ደንብ የቤት ሠራተኞችን በዝርዝሩ ውስጥ ያካትታል።

በርካታ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በሚሠሩባቸው የመካከለኛው ምሥራቅ አገራትም የቤት ሠራተኞች ከአጠቃላዩ የሥራ ሕግ ተለይተው ይታያሉ። በኩዌት የ2015ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን እስከ 12 ሰዓት ሥራና በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይፈቅዳል። በኳታር የ2017ቱ ሕግ፣ ሁለቱ ወገኖች በሌላ ካልተስማሙ በስተቀር፣ የቀኑን ሥራ በ10 ሰዓት ይገድባል። በሳዑዲ አረቢያም እ.አ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ የ10 ሰዓት ጣሪያ አለው።

እነዚህን ቁጥሮች በስድስት ቀን ብናባዛ 72 እና 60 ሰዓት እናገኛለን። በሳዑዲ አረቢያ የአንድ መደበኛ ድርጅት ሠራተኛ የሳምንት ጣሪያ ግን 48 ሰዓት ነው። በሊባኖስ እ.አ.አ. የ1946ቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ሙሉ በሙሉ ከሽፋኑ ውጪ ያደርጋቸዋል።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.አ.አ. በ2011 ያጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ በሥራ ሰዓትና በዕረፍት ረገድ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር እኩል እንዲታዩና በየሳምንቱ ቢያንስ የ24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት እንዲያገኙ ይጠይቃል።

በአሜሪካ እና በእስራኤል

በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ “ሙሉ ጊዜ” ሲል የትኛውን መለኪያ እንደሚጠቀም መጠየቅ ያስፈልጋል። እ.አ.አ. የ1938ቱ የፌዴራል የሥራ ሕግ ቃሉን አይተረጉመውም፤ ከሕጉ ሽፋን ውጪ ካልሆኑ በስተቀር ከ40 ሰዓት በላይ የሠሩ በአንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈላቸው ግን ያዛል። የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ በሳምንት 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራውን ሙሉ ጊዜ ብሎ ይቆጥራል። “ኦባማኬር” በመባል የሚታወቀው የጤና ሕግ ደግሞ መስፈርቱን በሳምንት 30 ወይም በወር 130 ሰዓት ያደርገዋል።

የመጨረሻው ቁጥር ለብዙ ቤተሰቦች ወሳኝ ነው። 50 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ወይም የዚያ አቻ ያላቸው አሠሪዎች፣ 30 ሰዓት ለሚሠሩት የጤና መድን ካላቀረቡ ቅጣት ሊጠብቃቸው ይችላል። በ28 ሰዓት የተመደበ ሠራተኛ ይህ ጥበቃ አይደርሰውም። ሁለት ቦታ 28 ሰዓት የሚሠራ ሰው በሳምንት 56 ሰዓት እየደከመ በሁለቱም አሠሪዎቹ ዘንድ “ፓርት ታይም” ሊባል ይችላል።

በእስራኤል ሙሉ የሥራ ሳምንት እ.አ.አ. ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ 42 ሰዓት ነው፤ በወር 182 ሰዓት ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ ሥራ የሙሉው ሥራ መቶኛ ተደርጎ ስለሚገለጽ፣ ክፍያውም በዚያው ልክ ይሰላል። በብሪታኒያ በሕግ የተወሰነ ቁጥር ባይኖርም በተለምዶ 35 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሙሉ ጊዜ ይባላል።

ሠራተኛው ምን ማወቅ አለበት?

በኢትዮጵያ የሥራ ውል በቃልም ሊደረግ ይችላል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ ግን አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት እንዳለበት አዋጁ ይደነግጋል። በዚህ ጽሑፍ ላይ “ሙሉ ጊዜ” ከሚለው ቃል ጎን የሳምንቱ ሰዓት፣ መግቢያና መውጫው እንዲሁም የዕረፍት ቀኑ እንዲሰፍር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሠራተኛው የሠራባቸውን ሰዓታትና ትርፍ ሰዓት ያዘዘውን ኃላፊ በየዕለቱ መዝግቦ መያዙም ይጠቅመዋል። አለመግባባት ሲፈጠር ጉዳዩን በቅድሚያ ለሠራተኛ ማኅበር፣ ከዚያም በየአካባቢው ለሚገኙ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ማቅረብ ይቻላል።

ጊዜ ግን አይጠብቅም። በኢትዮጵያ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ ክፍያው ሊፈጸም ይገባ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በኬንያ ከሥራ ውል የሚነሣ ክስ በአጠቃላይ የሚቀርብበት ጊዜ 3 ዓመት ነው። ሥራ እስኪለቅ ድረስ በዝምታ የቆየ የአዲስ አበባ ሠራተኛ፣ የዓመታት ትርፍ ሰዓቱን ቢቆጥርም ሊጠይቅ የሚችለው የመጨረሻዎቹን ወራት ብቻ ሊሆን ይችላል።

በመግቢያው ወደተጠቀሱት ሦስት ሠራተኞች ስንመለስ፣ ሦስቱም “ሙሉ ጊዜ” ማለታቸው ስህተት አይደለም። ለእያንዳንዳቸው ቃሉ የሚይዘው ሰዓት ግን በውላቸው ላይ በቁጥር ካልሰፈረ፣ ልዩነቱ የሚታወቀው ክርክር የተነሣ ዕለት ነው።